ድራሙን የመታው ማን ነው?

ለስተር ኮቫች ሰው አያምንም። ወተት ሲገዛ የሚበላሽበትን ቀን ማሸጊያው ላይ አንብቦ አይበቃውም፤ ቤት ገብቶ ያሸተዋል፣ ከዚያ ደግሞ «እስቲ አንቺም አሽትቺው» ብሎ ለሚስቱ ለዳርሊን ያቀብላታል። ቶሌዶ በሚገኘው የመስታወት ፋብሪካ ለዓመታት አብረውት የሠሩ ሰዎች ከእናቱ ሆድ ሲወጣ ጀምሮ እንዲህ የነበረ ይመስላቸዋል። አልነበረም። እስከ ሃያ ስድስት ዓመቱ ድረስ የነገሩትን ሁሉ የሚያምን፣ ትንሽ ሞኝነትም የሚነካካው ልጅ ነበር። ጥርጣሬ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1994 ጸደይ፣ ምሳውን እየበላ ነው።

ያን ጊዜ ሦስት ሆነው ባንድ ነበራቸው። ለስተር ድራም ይመታል፣ ዳርሊን ቤዝ ጊታር ትጫወታለች፣ የሰፈር ጓደኛው ቶቢን ራስክ ጊታር እየመታ ይዘፍናል። የሚለማመዱት በቶቢን እናት ጋራዥ ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ ተውሰው ያልመለሱት መሰላል ተሰቅሎ ስለነበር ባንዱን «የጎረቤት መሰላል» አሉት። ጋዜጠኞች ሙዚቃቸውን ኦልተርናቲቭ ሮክ ይሉት ነበር፤ የምን አማራጭ እንደሆነ ለለስተር እስከ ዛሬ አልገባውም። አራት ዓመት በአሮጌ ቫን እየዞሩ፣ ባገኙት ወለል ላይ እየተኙ፣ ተማሪ በሚበዛባቸው ከተሞች ሁሉ ተጫወቱ። በመጨረሻ አንድ ትልቅ አሳታሚ ኩባንያ አስፈረማቸውና አልበም እንዲቀዱ ቺካጎ ሰደዳቸው።

እዚያ ቀረጻውን የሚመራው ፕሮዲውሰር አንድ ደንብ ነበረው። መጀመሪያ ድራም ይቀዳል፣ ድራም መቺው ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ከዚያ ቤዝ ይቀዳል፣ ዳርሊንም ትሄዳለች፤ ጊታርና ድምፅ መጨረሻ ነው። ሥራውን የጨረሰ ሰው ስቱዲዮ ውስጥ እንዲንጎራደድ አይፈልግም። ለስተር አራት ቀን ሙሉ፣ ጆሮው ላይ እንደ ግድግዳ ሰዓት ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር ተደርጎለት፣ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ መታ። በአምስተኛው ቀን «ጨርሰሃል፣ ሂድ» ተባለና ወደ ቶሌዶ ተመለሰ።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ጉዞ በሌለ ጊዜ በቀን ሥራ በሚገባበት ፋብሪካ ውስጥ በምሳ ሰዓት ሬዲዮው «ሐይቁ ሲቀዘቅዝ» የሚለውን ዘፈናቸውን አሰማ። ሠራተኛው አጨበጨበ፣ አንዱ ጀርባውን መታ መታ አደረገው። ለስተር ግን ቋሊማውን እንደጎረሰ ማኘክ አቆመ። እሱ ሲመታ ወደ አዝማቹ ሲቃረብ መፍጠን ይወዳል፤ ቤቱ እንደቀረበ ፈረስ ነው፣ ማንም አይይዘውም። ከሬዲዮው የሚወጣው ድራም ግን አልፈጠነም። ረጋ ብሎ፣ ኮርቶ፣ ልክ በሰዓቱ አዝማቹ ውስጥ ገባ።

በዚያ ዘመን ከዲትሮይት እስከ ክሊቭላንድ ድራም የሚመታ ሰው ሁሉ የሚፈራው አንድ ወሬ ነበር። ድራም መቺው ወደ ቤቱ ሲሸኝ ፕሮዲውሰሩ ሌላ ድራም መቺ ቀጥሮ ያስገባል፣ ሥራውን በዝምታ እንደገና ያስመታል፣ አልበሙ ላይ ግን የመጀመሪያው ሰውዬ ስም ይጻፋል። ለስተር ይህን ሲሰማ የሌላ ሰው በሽታ ይመስለው ነበር።

በጉዞ ላይ ሳሉ፣ ዳርሊን ከኋላ ተኝታ፣ ቶቢንን ጠየቀው።

«ስማ፣ ያ የቺካጎው ሰውዬ እኔ ከሄድኩ በኋላ ሌላ ሰው አስገብቶ ነበር እንዴ?»

ቶቢን መሪውን እንደያዘ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «የት?»

«ስቱዲዮ ነዋ። ታዲያ ሽንት ቤት ነው?»

«ሰው ይገባል፣ ይወጣል። እኔ በረኛ ነኝ?»

አለቀ። ከዚያ በኋላ ለስተር ያንን መልስ እንደ ጅማት ሥጋ ዓመታት አላመጠው። ቶቢን ዓይኑን ሲያሸሽ ያያል፤ ስለ ቀረጻው ወሬ ሲነሳ ቶቢን ቢራ ሊያመጣ ይነሳል። ንጹሕ ሰው እንዲህ ይሆናል? ዳርሊንን በጥያቄ ነዘነዛት።

«እኔም እኮ ተሸኝቻለሁ፣ ምን አውቃለሁ?» አለችው። «ለመሆኑ አንተ ነህ ቢሉህስ ታምናለህ?»

አያምንም ነበር። ሁለት ዓመት ዘፈኑ እየገፋቸው ትልልቅ አዳራሽ ገቡ፤ ለስተርም ያንን ምት አጥንቶ፣ የሌላ ሰው ኮት እንደለበሰ እየተሸማቀቀ መታው። ሰው ባጨበጨበ ቁጥር ጭብጨባው የዚያ የማያውቀው ሰውዬ ነው ብሎ አንገቱን ይደፋል። ሁለተኛው አልበም ሰመጠ። ኩባንያው አሰናበታቸው። ሦስተኛውን ራሳቸው አሳትመው ራሳቸው ሰሙት። በ1998 ከሚኒያፖሊስ አንድ ስመ ጥር ባንድ ለስተርን «ና ከእኛ ጋር ምታ» አለው። ሕልሙ ነበር። ግን የወደዱት በዚያ ዘፈን ነው፤ የሚፈልጉት ያንን ሰውዬ ነው፤ ሄጄ ከምዋረድ ልቅር አለ። ድራሙንም ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሸጠና ጠቅልሎ ፋብሪካ ገባ። ባንዱ በዚያው ፈረሰ። ሰው ድራም መቺ ነበርክ አይደል ሲለው «ነበርኩ ይላሉ» ይላል።

አልበሙ ከወጣ ሃያ አራት ዓመት ሞላ። ኩባንያው ያንን አልበም እንደገና ሊያወጣ ፈልጎ፣ የድሮዎቹ የቴፕ ጥቅልሎች ቺካጎ ተገኝተዋል ብሎ ደወለ። ቤት ቀለም በመቀባት የሚተዳደረው ቶቢን ግን ነገሩን አልወደደውም።

«ያረጀ ቴፕ መነካካት ምን ይባላል?»

«ምን ያስፈራሃል?» አለ ለስተር።

«እኔ? ምንም።»

ለስተር በዚያው ሳምንት ተነሳ። ቶቢንም ሳይጠራ መጥቶ መኪናው ውስጥ ገባ።

ስቱዲዮው ውስጥ ሉርደስ የምትባል ሸበቶ የድምፅ ባለሙያ ተቀበለቻቸው። ለስተር ድራሙን ብቻ ነጥላ እንድታሰማው ለመናት። ቶቢን ከበሩ አጠገብ ቆመ።

ድራሙ መጣ። ለስተር ዓይኑን ጨፈነ። ምቱ ወደ አዝማቹ ሲቃረብ ከምቱ ስር የሰው ድምፅ ተሰማ፤ የሚያጉረመርም፣ ትንፋሽ ያጠረው ድምፅ። «ቀስ በል፣ አንተ አህያ። ቀስ በል።» የራሱ ድምፅ ነው። የሃያ ስድስት ዓመቱ ለስተር፣ ያ ቀጭ ቀጭ እንዳያመልጠው ራሱን እየሰደበ ልጓሙን ይይዛል።

ለስተር አለቀሰ። ሳያፍር፣ ሴትዮዋ ፊት። ለካ እኔ ነበርኩ አለ። ደስታው ሳያልቅ ጸጸት ገባው፤ ምስኪን ጓደኛውን ይህን ሁሉ ዘመን ሌባ አድርጎት ኖሯል። ይቅርታ ሊለው ዞረ።

«ጊታሩንም ልክፈትልዎ?» አለች ሉርደስ።

«ሲጋራ ላጭስ» አለና ቶቢን ወጣ። ሲጋራ ካቆመ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።

ጊታሩ ጥርት ያለ፣ አንድም ስህተት የሌለበት ነበር። ለስተር ቶቢንን ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ ቶቢን እንዲህ መትቶ አያውቅም። ከቴፑ ሣጥን ጋር የነበረውን ወረቀት ጠየቀ። በድራም አንጻር የራሱ ስም አለ። በጊታር አንጻር የቶቢን ስም ተሰርዞ ሰምቶት የማያውቀው ስም ተጽፏል።

ቶቢንን መኪና ማቆሚያው አጥር ላይ ተደግፎ አገኘው። ለስተር መጀመሪያ የመጣበት ሳቅ ነበር።

«ለዚህ ነው እንዴ? ብትነግረኝ እኮ አንድ ሳምንት አሹፌብህ እተወው ነበር።»

«አምስት ቀን ሞከርኩ» አለ ቶቢን። «በስድስተኛው ቀን አንድ ሰው መጣና ከምሳ በፊት ጨርሶት ሄደ።»

«ቫን ውስጥ ስጠይቅህስ?»

«ያወቅክብኝ መስሎኝ ነበር። በኋላ ጭንቀትህ ስለ ድራሙ እንደሆነ ገባኝ።»

ለስተር ሳቁን አቆመ። «ገባህ?»

«ድራሙን እስከጠረጠርክ ድረስ ጊታሩን አትሰማም ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«ሚኒያፖሊስ አልሄድም ስልም ያውቅ ነበር ማለት ነው፣ ይሄ ሰውዬ» አለ ለስተር፣ ለሌላ ሰው እንደሚናገር። «ድራሜን ስሸጥስ ቶቢን?»



«ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ በእኔ መኪና ነው እኮ የወሰድነው» አለ ቶቢን።

ለስተር የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። ከቺካጎ ቶሌዶ አራት ሰዓት ያህል ነው፤ ብቻውን ነዳው።