ሰባቱ አንዶች

ጠመኔ ቆርቆሮ ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ድምፅ ዛሬም ይሰቀጥጠኛል። ሰሞኑን የልጅ ልጄ የግቢያችን በር ላይ ቁጥር ሲጭር ሰማሁና ይኸው ንዴቴ አልበርድ ብሎኛል።

ያኔ ናዝሬት ነበርን። የግቢያችን የቆርቆሮ በር ቀትር ላይ እጅ ያቃጥላል፤ ጧት ጧት ደግሞ ከወንጂ በኩል የሚመጣው ነፋስ የተቃጠለ ሸንኮራ ይሸታል። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የነበረው ታላቅ ወንድሜ ወረቀት ሲያልቅበት ያንን በር ሰሌዳ አደረገው። ሰባት አንዶችን ደርድሮ 1111111 ብሎ ጻፈና «በራሱ አባዢው» አለኝ። አባዛሁት፤ 1234567654321 ሆነ። «አየሽ? ሰባት ድረስ ይወጣና ተመልሶ ቤቱ ይገባል» ብሎ ሳቀ።

እንቅልፍ የነሳው ግን ሌላ ነገር ነበር። ጓደኞቹ ይህን የሰባት አንዶች ቁጥር ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም ብለው ሞገቱት። እሱ እምቢ አለ። በሦስት ሞከረ፣ በሰባት፣ በአስራ አንድ፣ በአስራ ሦስት፤ ሲጽፍ ሲያጠፋ ሱሪው በጠመኔ ነጭ ሆነ። አንድ ከሰዓት በኋላ ጩኸቱን ሰምተን ስንወጣ በሩ ላይ 239 × 4649 ብሎ በትልቁ ጽፏል። «እማዬ፣ ተገኙ! ሁለቱም ተገኙ!» እያለ እናታችንን አቅፎ አዞራት። እሷ ያልተማረች ናት፤ ምን እንደተገኘ ሳታውቅ አብራው ሳቀች።

ጽሑፉ ሳይጠፋ የቀበሌ ጠባቂዎች ለአሰሳ መጡ። አለቃቸው ጠመንጃውን እንዳንጠለጠለ በሩ ፊት ቆመ።

«239 ማነው?»

«ቁጥር ነው፣ ጓድ።»

«የማን ቁጥር? የአባልነት ነው? 4649ስ የት ነው የተደበቀው?»

ወንድሜ ቀልድ መስሎት ፈገግ ብሎ ነበር። ኋላ ገባውና ጠመኔውን አነሳ። «ላባዛልዎት፣ አሁን ያዩታል» ብሎ ከሥር መሥራት ሲጀምር ሰውዬው በእጅጌው ጠረገበት።

«ቀበሌ ስትደርስ ስማቸውን ታወጣለህ።»

ማባዛት እኮ ነው! ሕፃን የሚሠራው ማባዛት! ያ አለቃ ፊደል የቆጠረ ሰው ነበር፤ ቀበሌው ውስጥም እስክሪብቶ የያዘ ሞልቶ ነበር። አንዳቸው እንኳ ቁጭ ብሎ ቢያባዛው እነዚያ ሰባት አንዶች ፊቱ ይደረደሩ ነበር። ማንም አልሞከረም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

እናቴ ስንቅ እየቋጠረች ቀበሌ እስር ቤት ተመላለሰች። አንድ ቀን በር ላይ «ከእንግዲህ ምግብ አታምጪ» አሏት። ሬሳውንም አልሰጡንም።

ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ አስረዳኋት! «እማዬ፣ ሰዎች አይደሉም፤ ቁጥሮች ናቸው።» ትሰማኝና ራሷን ትነቀንቃለች። ልጄ በማባዛት ሞተ ብላ መቀበል አልሆነላትም፤ ሁለት ጓደኞቹን አሳልፌ አልሰጥም ብሎ ሞተ ማለት ይቀላት ነበር። እኔም ኋላ ኋላ ማስረዳቱን ተውኩት። እስክትሞት ድረስ ማታ ማታ በኦሮምኛ ስትጸልይ ቆይታ፣ መጨረሻ ላይ እኔም እንድሰማ ይመስለኛል፣ በአማርኛ እንዲህ ትል ነበር፦ «እነዚያንም ሁለቱን ልጆች ጠብቅልኝ። እነሱም እናት አላቸው።»