በእህቴ ደም ውስጥ የተባበሩብኝ

ኩላሊቴን ለእህቴ ልሰጥ በተነሳሁበት ሰሞን ያልነገርኩት የቦሌ ሰው የለም። ኤርፖርት የጭነት መጋዘን ውስጥ አብረውኝ የሚሠሩት ያውቃሉ፤ አትላስ ጋ ጫማዬን የሚጠርገው ሰው ያውቃል፤ አንድ ጊዜ መንገድ ጠፍቶበት የጠየቀኝ ፈረንጅ እንኳ ሳይሰማ አልሄደም። ሐኪሞቹን ሁለቱንም ውሰዱ ብያቸው ነበር፣ አንዱ ይበቃል ብለው መለሱልኝ እላለሁ። ውሸት ነው። ግን ያምር ነበር።

እህቴ ታላቄ ናት። ከአንድ እናት የወጣነው ሁለታችን ብቻ ነን፤ ወላጆቻችን አልፈዋል። የእሷ ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል። ከገርጂ እየተነሳች በሳምንት ሦስቴ ደሟን በማሽን ታሳጥባለች፤ ከማሽኑ ስትነሳ ፊቷ ፀሐይ ላይ እንደተረሳ ሰላጣ ይጠወልጋል። ይህንኑ ፊት ለፊት እነግራታለሁ፣ እሷም "አንተ ቀልማዳ" ትለኛለች፣ ይኸው ነው ሰላምታችን። ማሽኑ ግን የዘላለም አይደለም። መርፌ የሚገባበት ደም ሥሯ እየደከመ ነው፣ ልቧም እየደከመ ነው፤ ኩላሊት ካልተገኘ ብዙ እንደማትቆይ ሐኪሙ ሳይሸፋፍን ነግሮናል። ኩላሊቱ ደግሞ ከዘመድ ነው የሚመጣው። ልጇ ቀድሞ ተመረመረ፣ በደም ዓይነት ወደቀ። የሩቅ ዘመዶቻችን ነገሩን ከሰሙ ጀምሮ ስልካቸው ኔትወርክ አጥቷል። ቀረሁ እኔ፤ የደም ዓይነቴም ከእሷ ጋር አንድ ሆነ። ያን ቀን በደስታ ከመገናኛ ገርጂ በእግሬ ሄድኩ፤ በልቤ ግን በርሬ ነው የደረስኩት።

የመጨረሻው ምርመራ ቀላል ይመስላል። የእሷን የደም ውሃ ወስደው ከእኔ ነጭ የደም ሕዋሳት ጋር ይቀላቅሉና የሚሆነውን ያያሉ። ውጤቱ በደረሰ ቀን እህቴ ስለደከማት ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች፤ እኔ ብቻዬን ገባሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ቀልዴንም ለምዶታል። ያን ቀን ግን ሰላም እንኳ ሳልለው ጀመረ። የእኔ ሕዋሳት ከእሷ ደም ጋር ሲገናኙ ሞተዋል አለኝ። ሁሉም ወይ፣ አንድ እንኳ ሮጦ ያመለጠ የለም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አልሳቀም። በደሟ ውስጥ በእኔ ላይ የተሠራ አንቲቦዲ የሚሉት መከላከያ አለ፤ ኩላሊቴን ብንተክልላት ቁስሉን ሰፍተን ሳንጨርስ ይጠቁራል አለ። ከዚያ አቀርቅሮ፣ "የእርስዎን ደም ወስዳ ታውቃለች?" አለኝ።

እኔ ደግሞ እንዴት ብዬ እንደኮራሁ። ልጇን ስትወልድ ደሟ አልቆም ብሎ ነበር፤ እኔ ያኔ ጎረምሳ ነኝ። ደም ቸግሮ ስለነበር ከእኔ ክንድ ወደ ከረጢት፣ ከከረጢቱ ወደ እሷ ነበር። ለሐኪሙ ይህን ብቻ አልነገርኩትም። ደሜ እንደ ቦኖ ውሃ ተንፎለፎለ፣ ነርሶቹ ባልዲ ፍለጋ ሮጡ፣ የተረፈው ለሌላ ዋርድ ተከፋፈለ አልኩት። ደረቴን ነፍቼ እንዳለሁ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

እሱ የነገረኝን እኔ በገባኝ መጠን ላስረዳ። ከደሜ ጋር የእኔ ነጭ ሕዋሳትም አብረው ገብተው ነበር። በሰው ሰውነት ውስጥ ቃፊር ሕዋሳት አሉ፤ ባዕድ ያሉትን ይውጡና ይቆራርጡታል፣ ቁራጩን ላያቸው ላይ ሰቅለው ንፍፊት ወደሚያብጥበት ቦታ ይወስዱታል። እዚያ ረዳት ቲ ሴል የሚሏቸው ይጠብቃሉ። ረዳቱ በእጁ ማንንም አይመታም፤ ማኅተም ያዥ ነው። ብዙዎቹ ቁራጩን አይተው ዝም ይላሉ፣ አንዱ ግን ይህ የኛ አይደለም ይላል። አንቲቦዲ መሥራት የሚችለው ሌላ ነው፣ ቢ ሴል። እሱ በራሱ መንገድ ያንኑ ባዕድ ነገር ይዞ፣ ቆራርጦ፣ ይዞት ይመጣና ለረዳቱ ያሳያል። ረዳቱ ከቃፊሩ ያየው ቁራጭና ቢ ሴሉ ያመጣው ቁራጭ አንድ ሲሆኑ ነው ማኅተሙ የሚመታው። ከዚያ ቢ ሴሉ ይባዛል፤ ከተባዙት መካከል ባዕዱን አጥብቆ የሚይዘው ይመረጣል፤ የተመረጠው ፋብሪካ ሆኖ መቅኔ ውስጥ ይቀመጥና አንቲቦዲውን ያመርታል። የቀሩት ደግሞ ምንም ሳይሠሩ ያንን መልክ ብቻ እያስታወሱ ዓመታት ይኖራሉ።

እኔ መጋዘን ውስጥ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ነኝ። አንድ ካርቶን አበባ ለማገድ ሁለት ሰው መስማማት አለበት። አንዱ ሲገኝ ሌላው ምሳ ላይ ነው፣ ሁለቱም ሲገኙ ማኅተሙ የተቆለፈበት መሳቢያ ቁልፍ የለም፣ ቁልፉ ሲገኝ አበባው ጠውልጓል። በዚህ ከተማ ሦስት ክፍል ተናቦ አንድ ጉዳይ ሲጨርስ ያየሁት በእህቴ ሰውነት ውስጥ ብቻ ነው። የጨረሱት ጉዳይ ደግሞ እኔ ነኝ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ስሰማ ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን አንበሳው እኔ እሆናለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም።

ሽማግሌ ልላክባቸው አልኩ። ሐኪሙ እንደ ቁም ነገር ወስዶ መለሰልኝ። አንቲቦዲውን ከደም አጥቦ ማውጣት፣ ሴሎቹን በመድኃኒት ማዳከም አለ፤ ግን ፋብሪካዎቹ አይጠፉም፣ ያስታወሱትም አይረሱም፣ የእሷ ልብ ደግሞ ያን ሁሉ መድኃኒት አይችልም። ስለዚህ እኔ ነኛ ያበላሸሁት አልኩት። በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም አለ፤ እርግዝናውም ሊሆን ይችላል፣ ፅንስም ለእናቱ ሰውነት ግማሹ ባዕድ ነው፤ ኩላሊቷ ካቆመ ወዲህ የወሰደችው የሌላ ሰው ደምም የተኛውን ቀስቅሶ ይሆናል። ወንድምና እህት ስለሆናችሁ ግማሽዎ እሷው ነው፤ የተማረችው ሌላውን ግማሽ ነው አለኝ። ሊያጽናናኝም ሞከረ፤ ያኔ ደሙን ባይሰጧት ዛሬ የሚጨነቁላት እህት አይኖርዎትም ነበር አለ። እውነት ነው። እውነቱን ይዤ ወጣሁ፣ የማሳርፍበት ቦታ ግን አላገኘሁለትም። አድኛት ከሆነ፣ እንዳላድናት አድርጌ ነው ያዳንኳት።

ራይድ ጠርተን ወደ ገርጂ ተነሳን። መንገዱ ተዘግቷል፤ ቦሌ ላይ መኪና የሚሄደው ሾፌሩ ሲያዛጋ ብቻ ነው። እህቴ ሳትጠይቀኝ ራሴ ጀመርኩ። ነገሩን ሁሉ በመጋዘን ወግ አደረግኩት፦ ቃፊሩን ወሬኛ ጥበቃ፣ ረዳቱን ማኅተም ያዥ፣ ቢ ሴሉን ያለ ማኅተም እስክሪብቶ የማያነሳ ጸሐፊ። በደምሽ ውስጥ ፎቶዬ "ተፈላጊ" ተብሎ ተለጥፏል አልኳት። ሳቀች። ሾፌሩም በመስታወቱ እያየን ሳቀ። የሷ ሳቅ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉ እስኪያልፍ ጠበቅን።

"እና አሁን ማን ቀረ?" አለችኝ።

ስልኬን አውጥቼ ኔትወርክ ያጡትን ዘመዶቻችንን ስም አንድ በአንድ አሳለፍኩ። እሷም ስክሪኑን አየችው። እጄን ያዘችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ለልጄ እንዳትነግረው። ትምህርቱን ትቶ አጠገቤ ቁጭ ይላል፣ አውቀዋለሁ። ሌላ ዘመድ ተገኘ በለው። አንተ መቼም ወሬ መፍጠር አታጣም።"

ልጇ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው፤ ውጤቱን እየጠበቀ እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን። እሱ የደወለልኝ ገና ከመንገዱ ሳንወጣ ነው።

"ጋሼ፣ እንዴት ሆነ?"

አፌን ከፈትኩ። አንድ የአክስት ልጅ ያስፈልገኝ ነበር፤ ከአርሲ የመጣ፣ ጎፈሬያም፣ በሬ በክንዱ የሚጥል፣ ኩላሊት የተረፈው። ስም አያስፈልገውም፣ ልጁ አያውቀውም። በሌላ ቀን ቢሆን ከነሚስቱና ከነፈረሱ አመጣው ነበር። የአክስቴን ልጅ ፈለግኩት፣ የለም። እህቴ ወደ መስኮቱ ዞራ ትጠብቃለች።

"ጋሼ? ትሰማኛለህ?"

"እሰማሃለሁ" አልኩት። "እሰማሃለሁ።"

ሌላ ቃል ስፈልግ ሦስተኛም ያንኑ ደገምኩለት። እዚያ ማዶ መጽሐፍ ሲከደን ተሰማኝ፤ ስልኩ ግን አልተዘጋም። እህቴ እጄን ለቀቀችው።