ቀሚሱ የደበቀው ጀርባ

ልብስ ሰፊዋ የሰው ጉድለት በመሸፈን የተመሰገነች ነበረች። ቦርጫሙን ሸንቃጣ፣ ትከሻ የሌለውን ትከሻማ አድርጋ ታወጣዋለች። ይህ ሙያዋ በገዛ ቤቷ ጠላት ሆኖ ይነሣብኛል ብላ ግን ከቶ አላሰበችም።

ልጇ ስትወለድ ከአከርካሪዋ አንዱ አጥንት ግማሹ ብቻ ነበር የተሠራው። ልጅቱ ባደገች ቁጥር ጀርባዋ እየተጣመመ ሄደ። ሐኪሙም፣ «ግማሹን አጥንት በቀዶ ጥገና አውጥተን፣ የላዩንና የታቹን በብረት እናያይዛለን፤ ከዘገየ ይብስባታል» አላቸው። ሾፌሩ ባሏ ግን አሻፈረኝ አለ።

«ልጄን ቢላ አላስነካም! ሲያድጉ ይስተካከላል።»

«አጥንት እኮ ነው፣ አንተ ሰውዬ! ሱሪ መሰለህ ተተኩሶ የሚቃናው?»

«ምኗ ጎበጠ? ይኸው ቀጥ ብላ ቆማ!»

ለመነች፣ አኮረፈች፣ ጮኸች፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነባት። አንድ ቀን እንደ ልማዳቸው ሲጨቃጨቁ ልጅቱ የትምህርት ቤት ልብሷን ለብሳ በመካከላቸው አለፈች። እውነትም ቀጥ ያለች ትመስላለች። ሰፊዋ ክው አለች። በዝቅተኛው ትከሻ ስፖንጅ የጨመረችው፣ ጀርባውን ያሰፋችው፣ ጠርዙን ባንድ ወገን ያስረዘመችው ራሷ ናት!

«ጥመቱን ሳልደብቅ ቀሚስ ልስፋልሽ? አባትሽ ይየው» ብላ ልጅቱን ጠየቀቻት።

«ስፊው እማዬ፤ እኔም ሰለቸኝ።»

እሑድ ዕለት ልጅቱ አዲሱን ቀሚስ ለብሳ አባቷ ፊት ቆመች። ጠርዙ ባንድ ወገን ከጉልበት በላይ፣ በሌላው ከጉልበት በታች ሆኗል። አባት ጎንበስ ብሎ ሳበው፤ ተመልሶ ወጣ። ደግሞ ሳበው።

«ምነው ቀሚሱን አበላሸሽው?» አላት ሚስቱን።

«ቀሚሱ ደህና ነው፣ አባዬ» አለች ልጅቱ።

እጁ ጠርዙ ላይ እንዳለ ቀረ።

በማግሥቱ ሦስቱም ሐኪሙ ፊት ተቀመጡ። ባል ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ዶክተር፣ ስታድግ…» ሲል፣ እናትና ልጅ ባንድ አፍ «አይስተካከልም!» ብለው ጮኹበት።

«ኧረ አስጨርሱኝ! ስታድግ ብረቱስ አብሮ ያድጋል ወይ ልል ነው።»

«አያድግም» አለ ሐኪሙ። «የምናስረው ጥቂት ቦታ ነው፤ የቀረው አከርካሪዋ ማደጉን ይቀጥላል።»

«እንግዲያው ቀኑን ንገሩና!»

ሰፊዋ ስንት ጊዜ የለመነችውን ቃል እንዲህ በቀላሉ ሲወረውረው ሰምታ፣ ትሳመው ወይስ ትነቀው ግራ ገባት።