በትንፋሽ የምንላት «አዎ»

«የመተንፈስ ችግር አለባት» ይላል ወረቀቱ። እህቴ ናት እንግዲህ! ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰበታ ላይ ፋብሪካ ገብታ ጥጥ ስትፈትል አንድም ቀን አሞኛል ብላ የማታውቅ ሴት፣ ገና ትናንት ከውጭ አገር የመጣ አንድ ሥራ አስኪያጅ አሥራ አምስት ደቂቃ አናግሯት በሽተኛ አድርጎ አስወጣት። ወረቀቱን ሳነበው ደሜ ፈላ። ዛሬ ስጽፈውም አልበረደልኝም።

ከመጀመሪያው ልናገር። እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። የምኖረውም የማስተምረውም ቱርክ አገር፣ ባሕር ጠረፍ ላይ ባለች ከተማ ነው። ተማሪዎቼ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ነርሶች፣ የሆቴል ሠራተኞች፣ ልጆቻቸው ጀርመን የሄዱባቸው እናቶች። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። አሁንም ድረስ በየመንፈቁ አንድ የማይጠፋ ሰው አለ፤ ክፍል ገብቶ መልኬን ያይና «አስተማሪዋ መቼ ነው የምትመጣው?» ይለኛል። «መጥታለች፣ ተቀመጥ» እለዋለሁ። እንግሊዝኛውን ከየት አመጣሽው ለሚሉኝም መልስ አለኝ፤ ከሰበታ ነው ያመጣሁት። እናታችን ስትሞት እህቴ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ ፋብሪካ ገባች፣ እኔ ትምህርቴን ቀጠልኩ። እሷ ባትፈትል ኖሮ እኔ አንዲት መስመር እንግሊዝኛ አላነብም ነበር።

ያን ክረምት ለእረፍት መጥቼ እሷ ዘንድ አረፍኩ። ቤቷ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ዳገት ላይ ነው፤ ክረምት ሲሆን ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ሻንጣዬን ተጋግዘን ዳገቱን ስንያያዘው ነው ወሬውን የነገረችኝ።

«ሚጣ፣ ሱፐርቫይዘርነት ልወዳደር ነው። ፈተናው የቃል ነው አሉ፣ በእንግሊዝኛ። አስጠኚኝ።»

አርባ አንድ ዓመቴ ነው፣ ለእሷ ግን አሁንም ሚጣ ነኝ።

«እቴቴ! ምነው አሁን ትዝ አለሽ?»

«ሱፐርቫይዘሮቹ የሚቀመጡባት በመስታወት የታጠረች ክፍል አለች። እዚያ መቀመጥ ነው የምፈልገው።»

«ወይ ጉድ! ሥልጣን አማረሽ በይኛ!»

ቆም አለች፣ ሳቀች፣ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ «አዎ» አለችኝ።

ይህችን አዎ የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም። አፍ እንኳ በደንብ አይከፈትላትም። ትንፋሽ ሳብ ይደረጋል፣ አለቀ፣ አዎ ማለት ነው። ሰበታ ላይ አማርኛ የሚያወራውም፣ ኦሮምኛ የሚያወራውም፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቱንም የሚቀላቅለውም እዚህች ላይ ሲደርስ አንድ ነው። እኔ ግን ጥያታለሁ። ቱርክ በገባሁ በመጀመሪያው ወር ስብሰባ ላይ ዳይሬክተሯ ስትናገር እኔ በጨዋ ደንብ፣ እየሰማሁ መሆኔን ለማሳየት፣ ትንፋሼን ሳብ ሳብ አደርግ ነበር። ሴትዮዋ ንግግሯን አቋርጣ «አስም አለብሽ እንዴ?» አለችኝ። አንዱ ተነስቶ መስኮት ከፈተ፣ ሌላው ውኃ ይዞ መጣ። በኀፍረት መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንገቴን እየነቀነቅሁ መኖር ለመድሁ። የሚያናድደኝ እነሱ ራሳቸው እምቢ ሲሉ ቅንድባቸውን ሽቅብ አንስተው ምላሳቸውን «ጭ» ማድረጋቸው ነው። ማንም ሰው ሐኪም አልጠራላቸውም።

እህቴ መለወጤን ያወቀችው በመጣሁ በሁለተኛው ቀን ነው። «ሳወራሽ ዝም ትያለሽ፣ አንገትሽን ብቻ እንደ እንሽላሊት ትነቀንቂያለሽ። አሰለቸሁሽ?» አለችኝ። እሷ በትንፋሽ አዎ ስትለኝ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ለካ ናፍቆኝ ኖሯል፤ ያቺን ትንፋሽ ስሰማ ነው አገሬ የገባሁ የሚመስለኝ። ስለዚህ ሁሉንም ሳርምባት ያቺን አንዷን ተውኳት። እኔ ነኝ የተውኳት፣ ማንም አይደለም።

ሌላውን ግን ፋታ አልሰጠኋትም። ከፋብሪካ ስትወጣ በር ላይ እጠብቃታለሁ። ጥበቃው ሰውዬ በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርሽ፣ ብሎ ሲሰናበታት፣ «ሲመሽም አካም ቡልቴ ነው እንዴ?» ትለዋለች፤ የየቀን ቀልዳቸው ነበር። ከዚያ አስፋልቱን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ትምህርቱም ይጀመራል። አስተማሪ ስሆን ክፉ ነኝ፣ አልዋሽም። የእህቴ ችግር «አም» ነበረች። እንግሊዝኛውን እዚያው ማሽን ላይ ከቻይናውም ከህንዱም ለቃቅማዋለች፤ መናገሩን ትናገራለች፣ «አም»ን ግን ትውጣታለች።

«አር ዩ ሬዲ?»

«አይ ሬዲ።»

«አም የት ገባች? አይ አም ሬዲ! ድገሚ።»

አንድ ቀን እዚያው ዳገቱ ወገብ ላይ «አር ዩ ታይርድ?» አልኳት፣ ደክሞሻል ወይ መሆኑ ነው። ከመጽሐፉ ላይ ተራዋ የደረሰች ጥያቄ ናት እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። እህቴ የሰው አጥር ተደግፋ ቆመች።

«አይ ታይርድ» አለች።

«እቴቴ! በእግዜር! አም! ሳምንት ሙሉ አንዲት አም!»

ትንፋሿን ሳብ አደረገች። አዎ፣ ልክ ነሽ ማለቷ ነው ብዬ ቀጠልኩ። ዳገቱን ስንወጣ ምን ብነግራት አዎ ትለኝ ነበር፤ በየእርምጃው። እንዲህ ያለች የምትስማማ ተማሪ አግኝቼ አላውቅም እያልኩ በልቤ እኮራ ነበር።

የፈተናዋ ዕለት ነጭ ሸሚዝ ለብሳ ሄደች። ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ወረቀት ይዛ መጣች። ቁጭ ብላ እንኳ አልነገረችኝም፣ በሩ ላይ እንደቆመች ነው። ከውጭ የመጣው ሰውዬ ጠየቃት፣ መለሰች። በደንብ መለሰች፣ አምም አልረሳችም። ከዚያ እሱ ረጅም ረጅም ነገር ማስረዳት ጀመረ፤ ማሽኑን፣ ፈረቃውን፣ ሪፖርቱን። «ገብቶሻል?» ሲላት በትንፋሽ አዎ። «ትችያለሽ?» በትንፋሽ አዎ። ሰውዬው ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ አያት። «ትንፋሽ ያጥርሻል?» አላት በእንግሊዝኛ። ቃሉ አልገባትም። እንግዲህ ያልገባው ሰው፣ በትልቅ ሰው ፊት፣ ደንግጦ ምን ይላል?

በትንፋሽ አዎ አለችው።

ወረቀቱ የሐኪም ማስረጃ እስክታመጣ ፈትል ክፍል እንዳትገባ ይላል። ሱፐርቫይዘርነቱ ቀርቶ ሥራዋም ተንጠለጠለ። ያን ጊዜ እኔ ማበድ ብቻ ነው የቀረኝ። ሰውዬውን ሰደብኩት። እንግሊዝኛውን ሰደብኩት። ምን አባቱ ነው፣ ለእሱስ ቢሆን የእናቱ ቋንቋ አይደለም፣ ሁለቱም በሰው ቋንቋ እየተንገዳገዱ ከመካከላቸው እሷ ብቻ ትወድቃለች? ከሁሉ በላይ ግን የማርረው በራሴ ነበር። ዘጠኝ ዓመት የሰው አፍ ሳቃና ኖሬ፣ ያቺን ትንፋሽ ሰው እንዴት እንደሚያያት በራሴ ላይ ደርሶ እያወቅሁ፣ ናፍቆኛል ብዬ እህቴን ለአደጋ ሰጠኋት። ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ገባሁ። ሠራተኛ የሚያስተዳድረው ልጅ፣ ክራቫት ያሰረ ትሑት ሰው ነው፣ ወንበር ሰጠኝ። አስረዳሁት። ጠረጴዛውን እየመታሁ አስረዳሁት።

«እህቴ በሽተኛ አይደለችም! አዎ ማለቷ ነው! አንተ እንዴት ዝም አልክ? እዚያው አልነበርክም?»

እሱ እያዳመጠ ትንፋሹን ሳብ አደረገ።

«አሁን ምን አልክ?»

«ምንም አላልኩም» አለ።

«አዎ አልክ! በትንፋሽ! አንተንም ሐኪም ቤት ይላኩሃ!»

ሳቁ መጣበት፣ ወዲያው ዋጠው። «እህቴ፣ ይገባኛል። ለሰውዬው ልነግረው አስቤ ነበር፣ ግን አንዴ ፈርሟል። ብቻ ማስረጃውን አምጡ፣ ጤነኛ ነች የሚል ከመጣ እኔ ራሴ ይዤ እገባለሁ።»

«ታየዋለህ!» ብዬው ወጣሁ። ያን ጊዜ እርግጠኛነቴ ለጉድ ነበር። ጤነኛ ነች የሚለውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ እንዴት እንደምወረውር፣ ሰውዬው ፊት በየትኛው እንግሊዝኛ እንደምናገር ሳይቀር እያጠናሁ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ለእሷም ታሪኩን ከነንዴቴ ነገርኳትና ሳቀች። እኔም ከሁለት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። ከዚያ ወደ እህቴ ዞረች።

«ዳገት ሲወጡ ያደክምዎታል?»

እህቴ ትንፋሿን ሳብ አደረገች። እኔ ዘልዬ ገባሁ፣ «ይኸው! ይችን ነው እኮ…»

«ቆይ፣ እሳቸው ይናገሩ» አለችኝ ሐኪሟ። አሁን አትስቅም። «ሰኞ ሰኞስ? እሑድ አርፈው ሰኞ ሥራ ሲገቡ ደረትዎን ጭምቅ ያደርግዎታል?»

እህቴ ደነገጠች። «እንዴት አወቅሽ ልጄ?»

ራጅ ተነሳች። ቧንቧ ያለው መለኪያ ሰጧትና በኃይል እንድትነፋ አዘዟት። አንዴ ነፋች። ሁለተኛውን ስትነፋ ሳል ያዛት። ሦስተኛው ላይ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆመችና መልሳ አስቀመጠችው። ሐኪሟ ራጁን መብራቱ ላይ ሰቅላ ብዙ አየችው። የጥጥ ብናኝ ነው አለች። ሳንባዋ ውስጥ ከገባ ቆይቷል፣ ከእንግዲህ ብናኝ ያለበት ክፍል ውስጥ አንድ ቀን መዋል የለባትም።

«መቼ ጀመረዎት?»

«ሦስት ዓመት» አለች እህቴ፣ ጫማዋን እያየች። «አራትም ይሆነዋል።»

ጤነኛ ነች የሚለውን ወረቀት ልወስድ የመጣሁት ሴት፣ ታማለች የሚለውን ወረቀት ይዤ ወጣሁ። ደጅ እንደወጣን ጮኽኩባት። መንገደኛው ዞሮ እስኪያየን ድረስ ጮኽኩባት። በየሳምንቱ እየደወልኩ፣ ደህና ነሽ ወይ ስላት ደህና ነኝ እያለችኝ፣ አራት ዓመት! ለኔ ካልተናገረች ለማን ልትናገር ነው?

«ፋብሪካው ከሰማ ያስወጣኛል ብዬ ነው» አለች። ጭራሽ እኔን ታባብለኝ ጀመር፣ ትከሻዬን ይዛ። «መስታወቷ ክፍል ብናኝ አይገባባትም። ያቺን ካገኘሁ ለማንም ሳልናገር ይሻለኛል ብዬ ነበር። አትቆጪኝ ሚጣ፣ ቀስ እያልን እንሂድ።»

ሥልጣን አማረሽ ብዬ ስቄባታለሁ እኮ።

ከታክሲ ወርደን ዳገቱን ያዝነው። ዝናቡ አባርቷል፣ ጭቃው ግን እንዳለ ነው። ያን ቀን ትምህርት የለም፣ ፈተናው አልፏል፣ ቦታውም ከእጃችን ወጥቷል። ከጎኗ ሄድሁ፣ ትንፋሿንም ሰማሁት። ሳብ፣ ሳብ፣ ሳብ። ምንም አልጠየቅኋትም፣ እሷ ግን አዎ ትላለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደስ ብሎኝ የሰማሁት ይህንን ነበር።

ያቺ አጥር ጋ ስንደርስ ተደግፋ ቆመች። እኔም ቆምኩ።

«እቴቴ፣ ደከመሽ?» አልኳት። በአማርኛ ነው ያልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ፣ ልትመልስ አፏን ከፈተች፣ ተወችው፣ እንደገና ከፈተችው። እንዳስተማርኳት፣ ቃል በቃል እያነሳች፣ በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ።

«የስ። አይ… አም… ታይርድ።»

አምን አልረሳቻትም።