ባለ ቀይ እስክሪብቶው

ቅዳሜ ቅዳሜ እስክንድርያ፣ «ከርሙዝ» የሚባለው ሰፈራችን ወዳለው ቤተ መጻሕፍት እየመጣ ልጆችን ድርሰት የሚያስተምረውን ሰውዬ አልወደውም። ስሙንም ጠይቄ አላውቅም። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ይቆልፋል፤ ደረት ኪሱ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ብቻ ይሰካል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ስለሆነ ከልጆቹ ኋላ ተቀምጬ እሰማለሁ።

ዛሬ ትንሿ ሹሩቅ የመጀመሪያ ታሪኳን ሰጠችው። አያቷ ዳቦ ስትገዛ የሚል ነው። ዳቦውን፣ እንደ ሰፈራችን ሰው ሁሉ፣ «ዐይሽ» ብላ ጽፋዋለች። በቀዩ ሰረዘና በመጽሐፍ ዐረብኛ «ኹብዝ» ብሎ ጻፈበት።

«መጽሐፍ ላይ ዐይሽ አይባልም! የገበያ አፍሽን እዚያው ቤትሽ!»

«አያቴ እኮ ኹብዝ አትልም፣ ኡስታዝ።»

«እንግዲያው አያትሽን አትጻፊያት።»

«ሁለተኛ አልጽፍም» አለች፤ ወረቀቷን አጣጠፈች።

«አንተ ሰው፣ ልጅቷን ተዋት!» አልኩት።

«ሐጂ፣ እርስዎ የመጡት ለመማር ነው» አለኝ ሳያየኝ።

ያኔ ስልኩ ጮኸ። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ የአንገቱን ቁልፍ ፈታ።

«እማዬ፣ መድኃኒትሽን ዋጥሽ? መጣሁ በቃ። ትኩስ ዐይሽ ይዤልሽ እመጣለሁ።»

ሲመለስ ሹሩቅ ወረቀቷን ዘርግታ፣ በራሱ ቀይ እስክሪብቶ የእሱን «ኹብዝ» እየሰረዘች ነበር።