አክስቴ ያን ጠዋት አልደወለችም

አክስቴ ስትደውል ሰላምታ አታስቀድምም ነበር። «በላሁ፣ አትጨነቂ» ነበር የምትለኝ። ስኳር እያለባት ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾም ነበር። አንድ ቀን ኢንሱሊን ተወግታ ሳትበላ ውላ ራሷን ስታ ወደቀች። የንስሐ አባቷም በስልክ፣ «ልጄ፣ መድኃኒት ወስደሽ በባዶ ሆድ እንዳትውዪ» ብለው አዘዟት። ከዚያ ወዲህ በዐረብ አገር በሰው ቤት ከምትሠራበት ከሚሽሪፍ ሰፈር፣ በየጠዋቱ እዚያው ከተማ አባሲያ ሰፈር ላለሁት ለእኔ ደውላ «በላሁ» ትለኝ ነበር።

ባለፈው ጾም አንድ ጠዋት ሳትደውል ቀረች። ከሰዓት አሠሪዋ፣ ማዳሟ፣ ደወለች፤ «አክስትሽ ሞተች። ብዪ ብላት ጾም ነው ብላ እምቢ አለችኝ» አለችኝ።

አላመንኳትም። የንስሐ አባቷን ቃል የማታፈርስ ሴት ያን ቀን ምን ነካት? የቤቱ ሹፌር ግን፣ እንግዳ ተጠርቶ ስለነበር አክስቴ ከንጋት ጀምሮ ለአፍታም ሳትቀመጥ ከማድቤት እንዳልወጣች ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ስልኬን አያነሳም።

በዕረፍት ቀናችን ዓርብ ዓርብ አብረን ቤተ ክርስቲያን እንሄድ ነበር፤ አሁን ስሄድ ከጎኔ ማንም የለም።

ትናንት ማዳሟ ደወለች። «በቦታዋ የምትሠራ፣ እንደ እሷ ያለች ጎበዝ ዘመድ የለሽም?» አለችኝ።

«ማዳም፣ ያን ጠዋት አክስቴ ቁጭ ብላ እንድትበላ ፈቅደሽላት ነበር?» አልኳት።

ስልኩን ዘጋችብኝ።