ለእሁድ የተቀጠረ መርዶ

«እሁድ ትሠሪያለሽ?» አለችኝ።

ከቤተ ክርስቲያን ማኅበራችን ሴቶች አንዷ ናት። ማክሰኞ ከሥራ ወጥቼ የመኪናዬን መስታወት በረዶ ስፍቅ ነበር የደወለችው። እንደማልሠራ ነገርኳት። እንዲያው ደህና መሆንሽን ልጠይቅ ብዬ ነው አለችና ዘጋችው። መፋቂያውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ያቺ ሴት ለደህንነቴ ብላ ደውላልኝ አታውቅም። የምትደውለው ትልቁን ድስት ልትዋስ ወይም ኤርፖርት አድርሺኝ ልትል ነው።

ጥያቄውን አውቀዋለሁ፤ እኔ ራሴ ስንቱን ጠይቄበታለሁ። ሚኒሶታ ውስጥ መርዶ ማርዳት ብዙ ሥራ አለው። መጀመሪያ የባለ ሐዘኗ ሺፍት ይጠናል። ፌስቡክ ላይ የሟችን ፎቶ ለመለጠፍ የቸኮለ ዘመድ ካለ፣ አገር ቤት ተደውሎ እንዲያነሳው ይለመናል። ምግቡ በየቤቱ ተከፋፍሎ ይሠራል። በተቆረጠው ቀን ገና ጎህ ሲቀድ እንሄዳለን፤ በመስኮት ድንገት ብታይ እንዳትደነግጥ መኪኖቻችንን ከቤቷ ራቅ አድርገን እናቆማለን። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከእሷ በስተቀር ሁሉም ሰው ያውቃል። ሱቅ ያገኟታል፣ ያጫውቷታል፣ ያስቋታል። እኔማ በዚህ ሥራ የታወቅሁ ነኝ። ሻኮፒ መጋዘን የምትሠራ አንዲት ልጅ ቤት የሄድን ጊዜ በሩን ያንኳኳሁት እኔ ነበርኩ።

አሁን ተራው የእኔ ነው ማለት ነው። ማን ሞተብኝ?

ቤት እስክደርስ እንኳ አልታገሥኩም። እዚያው መኪናው ውስጥ፣ ሞተሩ እየተንተከተከ፣ አዲስ አበባ እናቴ ዘንድ ደወልኩ። አዲስ አበባ ገና ሳይነጋ ነበር። እናቴ ራሷ አነሳች። ስለ ጉልበቷ ነገረችኝ፣ ስለ ውሃ መጥፋት ነገረችኝ፣ ስለ ጎረቤቷ ዶሮዎች አማረረችኝ። ወንድሜን አቅርቢልኝ አልኳት፤ ከእንቅልፉ ተነስቶ እየተነጫነጨ ሃሎ አለኝ። አክስቶቼን አንድ በአንድ ጠየቅሁ። እናቴ ተቆጣች። ዛሬ ምን ሆነሻል፣ የሰው ቆጠራ ነው የያዝሽው አለችኝ። ሁሉም አሉ። እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። አዲስ አበባ ደህና ከሆነ የቀረው ኦምዱርማን ነው።

ከአዲስ አበባ በመተማ በኩል ሱዳን ስገባ ገና ልጅ ነበርኩ፤ ልጅነቱ ግን ገዳሪፍ ሳልደርስ አለቀ። ኦምዱርማን ላይ ሻይ መሸጥ ጀመርኩ። ዝቅ ያለች በርጩማ፣ የከሰል ምድጃ፣ የብርጭቆ ትሪ፣ በቃ። ቦታ ያገኘሁት ከአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት በር ፊት ነው። በሯ አጠገብ ሁለት ትልልቅ የሸክላ ጋኖች በብረት ማቆሚያ ላይ ተቀምጠዋል። ዚር ይሏቸዋል። መንገደኛ ሁሉ ቀድቶ እንዲጠጣ ጠዋት ጠዋት ውሃ ትሞላቸዋለች። መጀመሪያ የተጣላነውም በእነሱ ነው፤ የሻዬን ውሃ ከዚያ ስቀዳ ያዘችኝ። ለመንገደኛ የተቀመጠ ውሃ አይሸጥም ብላ ሰፈሩን አስነሳችብኝ። እኔም መለስኩላት። ዐረብኛዬ ግማሽ ነበር፤ ቁጣዬ ግን ሙሉ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ቤቷ ገባሁ፣ ገብቼም ዓመታት ኖርኩ። ኻልቲ እላታለሁ፤ አክስቴ ማለት ነው።

ያኔ ፖሊሶች ድንገት ይደርሱና ሻይ ሻጩንም ስደተኛውንም በካሚዮን ጭነው ይወስዱ ነበር። ይህን አፈሳ ከሻ እንለዋለን፤ ሱዳን የኖረ ሐበሻ ዛሬም ቃሉን ሲሰማ ጫማውን የት እንዳወለቀ ያያል። ከሻ ሲመጣ ኻልቲ ከበሯ ትወጣና የተጎናጸፈችውን ሰፊ ልብስ፣ ቶቧን፣ ግማሹን በላዬ ትጥላለች። የአንገቴን ማተብ በጣቷ ወደ ውስጥ እየከተተች፣ የእህቴ ልጅ ናት ትላለች። እህት የላትም። ፖሊሱም የዚያው ሰፈር ልጅ ነውና እህት እንደሌላት ያውቃል።

የአያቶቿ አባቶች ከማህዲው ጦር ጋር የዘመቱ ነበሩ። ሲያሻት የንጉሣችሁን ጭንቅላት ከመተማ እዚህ ድረስ አምጥተናል ትለኛለች። እኔ ደግሞ ሙሉ አካሌን በእግሬ አመጣሁላችሁ፣ ምን አለፋችሁ እላታለሁ። እስክታስል ትስቃለች። የሁለት አገር ታሪክ እኛ ቤት ውስጥ ከዚህ የበለጠ ጠብ አላመጣም።

ስለ ራሷ አገር ሰዎች ግን አንዳንዴ አላውቃትም። ዳርፉር በሚነድበት ጊዜ ዜናው ሲጀምር ሬዲዮኑን ትዘጋለች። የዘላንና የገበሬ ጠብ ነው፣ ድሮም ያለ ነው ትላለች። ለእሷ ሱዳን ማለት የአባይ ዳር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሕዝብ ለጉልበት ሥራ የሚመጣ ሰው ነው። ለማያውቁት መንገደኛ በየጠዋቱ ውሃ የምትሞላ ሴት ይህን ስትል እሰማና ይከነክነኝ ነበር።

በኋላ፣ እኔ አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ፣ እሳቱ ካርቱም ገባ። ሁለት ጄኔራሎች ተጣሉና ከተማይቱን ተካፈሏት። የኻልቲ ልጅ ወደ ካይሮ ሸሸ፤ እሷ ቤቴን ለማን ጥዬ ብላ ቀረች። መብራት ጠፋ፣ ማቀዝቀዣው ቆመ። ስኳር አለባት። መድኃኒቷን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ከዚሩ ግርጌ እንደምታስቀምጠው በድምፅ መልእክት ነገረችኝ፤ ሸክላው የሚያንጠባጥበው ውሃ ያቀዘቅዘዋል። ብልህነቷ አስቆኝ ነበር። ከእሷ የደረሰኝ የመጨረሻ ድምፅ ያ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ኔትወርክ ጠፋና ልጇ ከጎረቤት የሰማውን አልፎ አልፎ ብቻ ይልክልኛል። እኔ ሥራ ላይ ስልክ ስለማላነሳ፣ ለክፉም ለደግም ብዬ ሴንት ፖል ከተማ ያሉ የአንድ ሽማግሌ ስልክ ቁጥር ሰጥቼው ነበር።

ሽማግሌው ኤርትራዊ ናቸው፣ ሙስሊም። አስመራ በአማርኛ ተምረው፣ ሱዳን ከሰላ ከተማ ዓመታት ነግደው፣ እዚህ ጡረታ ወጥተዋል። ሐሙስ ዕለት ወደ እሳቸው ሄድኩ። እጄ መሪ የሚይዝ ስላልመሰለኝ በባቡር ሄድኩ። በዩኒቨርሲቲ ጎዳና ስናልፍ ባዶ ወንበር ሞልቶ እኔ ቆሜ ነበር፤ ስቀመጥ ያመኛል፣ ስቆም ያመኛል። ስልኬን አወጣለሁ፣ አየዋለሁ፣ እከተዋለሁ። አንዲት ሕፃን ልጅ ለእናቷ በእንግሊዝኛ፣ ይቺ ሴትዮ ምን ጠፍቷት ነው ስትል ሰማኋት።

ጋሼ በሌላ ቀን ካፖርቴን ሳላወልቅ የሦስት አገር ፖለቲካ የሚጀምሩልኝ ሰው ናቸው። ያን ቀን ስለ በረዶው አወሩ። ስለ ማሞቂያው አወሩ። ዓይኔን አላዩም።

«ጋሼ፣ ከካይሮ የተደወለ ነገር አለ?» አልኳቸው።

«ኔትወርኩ ነው እንጂ፣ የኔ ልጅ...» ብለው ሻይ ለማምጣት ተነሱ። ስኳር ጨመሩልኝ፤ ረሱና ደግመው ጨመሩልኝ። ያንን ብርጭቆ ግድግዳው ላይ ልወረውረው ምንም አልቀረኝ። አንቄም ቢሆን ማናገር እችል ነበር፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ውሸት አይችሉም። ግን ከተናገሩ ትሞታለች። ሻዩን ሳልጠጣ ተነስቼ ወጣሁ።

የምሠራው የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው፣ ረዳት ነርስ ነኝ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ከዳርፉር የመጣች ሱዳናዊት አለች። ከእሷ ጋር ከተኳረፍን ወራት አልፎን ነበር። መጀመሪያ በዐረብኛ ስለምንግባባ ብሬክ አብረን እንወጣ ነበር፤ ካርቱም ስትመታ ስለ ኻልቲ ነገርኳት፣ ስለ ዚሮቹም ነገርኳት፣ አለቀስኩባት። ሰምታ ስትጨርስ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እኛ በእግራችን ወደ ቻድ ስንሸሽ ውሃ ያስቀመጠልን አልነበረም» አለችኝ። «ያኔ ኦምዱርማን ሰርግ ላይ ነበረች።»

እነዚያ ሰርጎች ላይ ሻይ ያፈላሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንተላለፍ ሰላምታችን አንገት መስበር ብቻ ሆነ።

አርብ ዕለት ብሬክ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ስልኬን አፈጥበታለሁ። እሷ ገባች። የሳህን ትሪ ይዛ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ አኖረችውና ፊቴ መጥታ ቆመች። ሁለት እጆቿን ከደረቷ ፊት፣ መዳፎቿን ወደ ላይ አድርጋ ዘረጋች።

«ፋትሓ» አለች።

ሱዳን ውስጥ ሐዘንተኛ ሲያገኙ እንደምን ዋልሽ አይባልም፣ ነፍስ ይማርም አይቀድምም። መዳፍ ይዘረጋል። ያኛውም ይዘረጋል፣ ሁለቱም የቁርኣኑን መክፈቻ ፋትሓን በልባቸው ይደግማሉ፣ ፊታቸውን ያብሳሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው ወሬ። ገበያ መሃል አይቻለሁ፣ አውቶቡስ ላይ አይቻለሁ። ለጠፋ ሰው፣ ለታመመ ሰው፣ ኔትወርክ ለተቋረጠበት ሰው ግን ማንም መዳፍ አይዘረጋም።

የኔ እጆች ጭኔ ላይ እንደነበሩ ቀሩ። ያን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«አልነገሩሽም?» አለች።

የሱዳን ሴቶች በሚጻጻፉበት ግሩፕ ላይ የኦምዱርማን ሰው ጽፎ አይታ ነው፤ ሐበሻይቱን ያሳደገችው አረፈች ብሎ። በእሷ አገር ቀብሩም ለቅሶውም በዚያው ቀን ነው። ሐዘንተኛዋ ከሁሉ ሰው መጨረሻ የምትሰማበት አገር ይኖራል ብላ በምን ታስብ? እጆቿ አሁንም ተዘርግተዋል፤ ልታጥፋቸው አፍራለች፣ ልታቆያቸውም ፈርታለች። የእኔን አነሳሁ። ፋትሓን ከመስማት ብዛት አጋማሹን አውቀዋለሁ፤ ሲጠፋብኝ በአባታችን ሆይ ሞላሁት። ፊታችንን አበስን። አላህ ይማራት አለች። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠችና አለቃዋ መጥቶ እስኪጠራት ድረስ ጉልበቴን ይዛ ቆየች። ዳርፉርን አላነሳችም። እኔም አላነሳሁም።

ቅዳሜ ቤት መቀመጥ አቃተኝ። መኪና አስነስቼ በኤደን ፕሬሪ በኩል ሻኮፒ ድረስ ነዳሁ፣ ዞሬ መጣሁ፣ እንደገና ሄድኩ። በጣም ተናድጄ ነበር። ለማኅበሯ ሴት ደውዬ፣ ምግብሽን እዚያው ብዪው ልላት ስልኩን ሁለት ሦስቴ አነሳሁ። ሳምንቱን ሙሉ ለእኔ ሲሉ ሰርቀውኛል፤ የኔን ሐዘን እነሱ ለብሰውት ዞረዋል። ከዚያ ደግሞ ይህን ሰዓት ማን ምስር እየለቀመች እንደሆነ፣ ማን ሺፍቷን ለምና እንደቀየረች አስባለሁ። የመጋዘኖቹን ግንብ ሳይ ያቺ ያረዳናት ልጅ ትዝ አለችኝ። በሩን ሳንኳኳ ወዲያው ነበር የከፈተችው፣ ነጠላዋን ለብሳ። ያኔ ምንም አልመሰለኝም ነበር።

እሁድ ጎህ ሳይቀድ ታጥቤ፣ ነጠላዬን ለብሼ፣ ሳሎን መሃል ወዲያ ወዲህ ስል ነጋ። መኪኖቹን ከቤቴ ራቅ አድርገው አቆሙ። በመስኮት አየኋቸው፤ በበረዶው ላይ ተደጋግፈው፣ ድምፃቸውን አጥፍተው ይመጣሉ። ጋሼ ከሁሉም ኋላ ናቸው፣ ነጭ ቆባቸውን አድርገዋል። ሳያንኳኩ ከፈትኩት።

ሴቶቹ ደነገጡ። ያቺ የደወለችው፣ እንዴት አደርሽ እህቴ ብላ ከሩቅ ልትጀምር አፏን ከፈተች፤ እንዴት እንደሚጀመር አውቀዋለሁ፣ መንገዱ ረጅም ነው። በመሃላቸው አልፌ ወደ ጋሼ ሄድኩ። ፊታቸው ቆምኩና መዳፎቼን ዘረጋሁላቸው።

አዩኝ። ከዘራቸውን ለአንዷ ሴት ሰጡና እጃቸውን ዘረጉ፤ ፋትሓን ድምፅ አውጥተው ደገሙ። ሴቶቹ ምን እንደሚደረግ አላወቁም። አንዷ አማተበች። ሲጨርሱ ፊታቸውን አበሱ፣ እኔም አበስኩ።

«ማክሰኞ ጠዋት ነው ልጇ የነገረኝ፤ ለሴቶቹ ነገርኩ» አሉ። «ልማዳችሁን ላክብር ብዬ እንጂ፣ የኔ ልጅ፣ አፌ ላይ ሆና እንቅልፍ አልሰጠችኝም።»

ይቅር ማለቴን አላውቅም፤ ግድም አልነበረኝም። ሳምንቱን ሙሉ ማንንም ልጠይቅ ያልቻልኩት አንድ ነገር ነበረኝ።

«የት ቀበሯት?»

ሴቶቹን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። ተኩስ ስለነበር መቃብር ድረስ የሚያወጣ መንገድ እንዳልነበረ፣ ጎረቤቶቿ ቸኩለው እንደቆፈሩ ነገሩኝ።

«ደጇ ላይ ነው» አሉ። «ከዚሩ አጠገብ፣ ድሮ አንዲት ሻይ ሻጭ ትቀመጥበት ነበር ከሚባለው ቦታ። እዚያ መሬቱ ለስላሳ ነው አሉ።»

ለስላሳ ነው። የከሰሉን አመድ በየማታው እዚያ ነበር የምደፋው። በረዶው ላይ ተቀመጥኩ፤ ሴቶቹ ያን ጊዜ አምቀው የያዙትን ለቅሶ ለቀቁት፣ እኔም ለቀቅሁት።